ከባዶ ሜዳ የጀመረ የከተማ ፕላን

ስለ ከተማ ፕላን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት አንድ የተሳሳተ ግምት ይዤ ነው። ከተማን በፕላን መምራት የሚለው ሐሳብ በሕግ ደረጃ ሲወለድ መነሻው ሰው ተጨናንቆ፣ አየርና ብርሃን አጥቶ የሚኖርበት የመሃል ከተማ ሰፈር ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሕመሙ እዚያ ከሆነ ሕክምናውም ከዚያ መጀመሩ ተገቢ መስሎ ይታየኝ ነበር። የእንግሊዝን የመጀመሪያ የከተማ ፕላን ሕግ፣ ማለትም የ1909ኙን የቤቶችና የከተማ ፕላን አዋጅ፣ ሳነብ ግን ነገሩን ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመታቱን ሁሉ የማነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አዋጁ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ፕላን የማውጣት ሥልጣን የሰጣቸው ግንባታ እየተካሄደበት ባለ ወይም ወደፊት ለግንባታ ሊውል ይችላል ተብሎ በሚገመት መሬት ላይ ነበር። ቀድሞ ቤት የተሠራበት ቦታ በፕላኑ ሊካተት የሚችለው ከዚህ አዲስ መሬት ጋር ካለው አቀማመጥ የተነሣ ሊነጠል ካልቻለ ብቻ ነው። የከተማ ፕላን ሕግ ተብሎ የተጠራው ሕግ በአመዛኙ የሜዳ ሕግ ነበር፤ ስንዴና ሣር በሚበቅልበት፣ ባቡር ገና በደረሰበት የከተማ ዳርቻ ላይ የሚሠራ ሕግ።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቀድሞ የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። በ1875 የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ምክር ቤቶች ስለ መንገድ ስፋት፣ ስለ ቤት አሠራርና ስለ ፍሳሽ የራሳቸውን ደንብ እንዲያወጡ ፈቀደ፤ በ1877 ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት ለደንቦቹ አርአያ የሚሆን ናሙና አዘጋጀ። በናሙናው መሠረት ለተሽከርካሪ የሚሆን አዲስ መንገድ ቢያንስ 36 ጫማ፣ ማለትም 11 ሜትር ገደማ፣ መስፋት ነበረበት፤ ከየቤቱ ጀርባም ክፍት ቦታ መተው ግዴታ ሆነ። እነዚህ ደንቦች ከዚያ በፊት ከነበረው የጨለማ ጓሮ ኑሮ ጋር ሲነጻጸሩ ትልቅ እርምጃ ነበሩ፤ በኋላ ዘመን የመጡ የፕላን ባለሙያዎች ሲነቅፏቸው ሳነብ ይህን የረሱ ይመስለኛል።

ሆኖም ደንብ ፕላን አይደለም። ደንቡ እያንዳንዱን ቤትና እያንዳንዱን መንገድ ለየብቻው ይመለከታል እንጂ፣ መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ፣ ከጎረቤት ባለመሬት መንገድ ጋር ይገጥም እንደሆነ፣ ትምህርት ቤትና የልጆች መጫወቻ የት እንደሚቀመጥ አይጠይቅም። አንድ ባለመሬት ማሳውን ለቤት ሠሪ ነጋዴ ሲሸጥ ነጋዴው በማሳው ወሰን ውስጥ የቻለውን ያህል ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሰምርና በሁለቱም ወገን ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶችን ይደረድራል፤ የሚቀጥለው ማሳ የሌላ ሰው ስለሆነ መንገዱ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይም ይጣመማል። የከተማው ዳርቻ ቅርጽ በዚህ መንገድ የሚወሰነው ማሳዎቹን ከብዙ ዘመን በፊት በከለለው አጥር ነበር። በ1883 የወጣው ሕግ የባቡር ኩባንያዎች ለሠራተኞች በርካሽ ዋጋ የሚሳፈሩበት ባቡር እንዲያቀርቡ ሲያስገድድ፣ በኋላም የኤሌክትሪክ ትራም ሲስፋፋ፣ ይህ ማሳን በማሳ የመሙላት ሥራ ከቀድሞው በፈጠነ ፍጥነት ቀጠለ።

በአውሮፓ ሌላ ክፍል የተሞከረው መንገድ ከዚህ የተለየ ቢሆንም የራሱ ጉድለት ነበረው። በርሊን በ1862 ጄምስ ሆብሬሽት የተባለ መሐንዲስ ያዘጋጀውን ሰፊ የማስፋፊያ ፕላን ተቀበለች። ፕላኑ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ሜዳዎች ላይ ሰፋፊ ጎዳናዎችንና አደባባዮችን አስቀድሞ አሰመረ፤ በጎዳናዎቹ መካከል የቀሩት ብሎኮች ግን እጅግ ጥልቅ ነበሩ፣ በውስጣቸው ምን ይሠራ የሚለውንም ፕላኑ አልወሰነም። በውስጥ የሚሠራውን ይገድብ የነበረው በ1853 የወጣው የግንባታ ደንብ ሲሆን፣ የውስጥ ግቢ ጎኑ ቢያንስ 5.34 ሜትር እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ይህ ልክ የተመረጠው የእሳት አደጋ መከላከያ ተሽከርካሪ በግቢው ውስጥ መዞር እንዲችል ነው። ባለቤቶቹም ይህንኑ ልክ ይዘው ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ጀርባ ሌላ ሕንጻ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ እየሠሩ ብሎኩን ሞሉት፤ በርሊናውያን እነዚህን ሕንጻዎች ከወታደር ካምፕ ጋር አመሳስለው «የኪራይ ካምፕ» ብለው ጠሯቸው። ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማስበው በወረቀት ላይ ያማረ ጎዳና ከጀርባው ያለውን ኑሮ እንደማያረጋግጥ ስለሚያሳይ ነው። ፕላን ማለት መስመር ማስመር ብቻ ቢሆን ኖሮ በርሊን የሰመረላት ከተማ በሆነች ነበር።

ጀርመኖች ከዚህ ተምረዋል። ፍራንክፈርት በ1891፣ ፍራንዝ አዲከስ ከንቲባ በነበረበት ጊዜ፣ ከተማውን በዞን ከፍሎ ለመሃሉና ለዳርቻው የተለያየ ደንብ የሚሰጥ ሥርዓት አወጣች፤ በዳርቻው ቤቱ ዝቅ እንዲል፣ ከጎረቤቱም እንዲራቅ ይደረግ ነበር። በ1902 ደግሞ የተበጣጠሱ ይዞታዎችን አንድ ላይ አዋሕዶ፣ ለመንገድ የሚሆነውን ቀንሶ፣ ቀሪውን ለባለቤቶቹ መልሶ ማከፋፈል የሚያስችል ሕግ ለከተማዋ ወጣላት። ኔዘርላንድስም በ1901 ባወጣችው የቤቶች ሕግ ከ10,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች የማስፋፊያ ፕላን እንዲኖራቸው አስገደደች። የማንቸስተሩ ቶማስ ሆርስፎል የጀርመንን ምሳሌ ለእንግሊዝ አንባቢ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ በ1904 አሳተመ፤ በርሚንግሃም የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ጆን ኔትልፎልድም የጀርመንን ከተሞች በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። እንግሊዞች ከዚያ የወሰዱት ዋና ትምህርት ጊዜን የሚመለከት ነው፤ መሬቱ ገና ማሳ ሳለ፣ ዋጋው ገና ሳይንር፣ ከቤቱ በፊት መንገዱ መወሰን አለበት የሚል።

የእንግሊዞችን የራሳቸውን አስተዋጽኦ ለማየት ግን ወደ ሬይመንድ አንዊን ስሌት መሄድ አለብን፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሳበኝም ይህ ነው። አንዊን ከባሪ ፓርከር ጋር ሆኖ በ1903 የተመሠረተችውን የሌችወርዝን የአትክልት ከተማ (ከተማንና ገጠርን አጣምራ እንድትይዝ የታሰበች አዲስ ከተማ) ፕላን የሠራ አርክቴክት ነበር። በ1912 ባሳተማት አነስተኛ ጽሑፍ 10 ኤከር፣ ማለትም አራት ሄክታር ገደማ፣ ስፋት ያለውን አንድ መሬት ወስዶ በሁለት መንገድ ከፋፈለው። በመጀመሪያው፣ በደንቡ መሠረት መንገድ እየደጋገመ፣ 340 ቤቶችን ደረደረበት። በሁለተኛው መንገዶቹን ቀንሶ ቤቶቹን በዙሪያ አስቀመጠና መሃሉን ለአትክልትና ለጨዋታ ክፍት ተወው፤ የቤቶቹ ብዛት 152 ሆነ። በመጀመሪያው አሠራር ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት 70 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን በሁለተኛው 219 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በሁለተኛው አሠራር የመንገድ ወጪ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ፣ ቤተሰቡ ከሦስት እጥፍ በላይ መሬት ለማግኘት የሚጨምረው ሳምንታዊ ክፍያ በጣም አነስተኛ እንደሆነ አንዊን በቁጥር አሳየ።

ይህን ስሌት አምኜ ለመቀበል ስላልፈለግሁ በማስመሪያና በእርሳስ ደግሜ ሠራሁት። የተረዳሁትም ዋናው ነገር መንገዱ መሆኑን ነው። ደንቡ የትኛውም መንገድ፣ በቀን ሁለት ጋሪ የሚያልፍበትም ቢሆን፣ እንደ ዋና ጎዳና ሰፊና በሚገባ የተነጠፈ እንዲሆን ያስገድድ ስለነበር ቤት ሠሪው ወጪውን ለመመለስ ቤቶቹን ማጨቅ ነበረበት። ለጤና ሲባል የወጣ ደንብ መልሶ መጨናነቅን አመጣ ማለት ነው። አንዊን ይህን ቋጠሮ የፈታው መንገዶችን በሥራቸው በመለየት ነው፦ ብዙ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ሰፊ ይሁን፣ ለጥቂት ቤቶች መግቢያ የሆነው ግን ጠባብና ርካሽ ይሁን፤ ከመንገዱ የተረፈው ገንዘብ ወደ አትክልቱ ይሂድ።

አንድ ጥያቄ ግን አልተወኝም። ከ340 ቤቶች 152ቱ ሲቀሩ የ188ቱ ቤተሰቦች ማደሪያ የት ነው? አንዊን ይህንንም አስቦበታል፤ ከተማው ይሰፋል፣ ነገር ግን የክብ ስፋት በራዲየሱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ የቤቶቹ ጥግግት በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ከመሃል እስከ ዳርቻ ያለው ርቀት በ41 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። በጂኦሜትሪ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚጨምረውን ርቀት በየቀኑ የሚሄደው ሰው ነው፣ ሄዶም የሚከፍለው ራሱ ነው፤ የባቡር ሳንቲም የሌለው ቤተሰብ ከዚህ ስሌት ውጭ ይቀራል።

አንዊን ሐሳቡን ጽሑፉን ከማሳተሙ በፊት በተግባር የሞከረው በለንደን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሐምፕስቴድ ጋርደን ሰበርብ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በሄንሪየታ ባርኔት ነው። ይህች ሴት ከባለቤቷ ጋር በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር ለብዙ ዓመታት ያገለገለች ስትሆን፣ የምድር ውስጥ ባቡር ሐምፕስቴድ ሜዳ ወደተባለው ሰፊ የሕዝብ ክፍት ቦታ አቅጣጫ ሊዘረጋ መሆኑን ስትሰማ፣ ባቡሩን ተከትሎ የሚመጣው የቤት ድርድር ሜዳውን እንዳይውጠው በመስጋት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። በመጀመሪያ 80 ኤከር ለሜዳው ማስፋፊያ ተገዛ፤ ቀጥሎ ከኢተን ኮሌጅ ይዞታ 243 ኤከር፣ ማለትም 98 ሄክታር ገደማ፣ ለመኖሪያ ተወሰደ። ሀብታሙና ሠራተኛው በአንድ ሰፈር እንዲኖሩ ትመኝ ነበር። የጎልደርስ ግሪን ጣቢያ በ1907 ሲከፈት የሰፈሩም ግንባታ በዚያው ዓመት ተጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ሰፈሩን አንዊን እንደነደፈው ለመሥራት የአካባቢው ደንብ ስለማይፈቅድ ለአንድ ሰፈር ብቻ የሚያገለግል ልዩ አዋጅ በ1906 ከፓርላማ መውጣት ነበረበት። አዋጁ በአንድ ኤከር በአማካይ ከስምንት ቤት በላይ እንዳይሠራ፣ በመንገድ ግራና ቀኝ ትይዩ በቆሙ ቤቶች መካከልም ቢያንስ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ፣ ክፍት እንዲሆን ወሰነ። በምትኩ ርዝመታቸው ከ500 ጫማ የማይበልጥ፣ ተሽከርካሪ አቋርጦ የማያልፍባቸው የመግቢያ መንገዶች ከደንቡ ግዴታ ነጻ እንዲሆኑ ፈቀደ። ዛሬ በየትኛውም ዓለም የመኖሪያ ሰፈር የምናየው መውጫ የሌለው አጭር መንገድ በእንግሊዝ ሕጋዊ መታወቂያውን ያገኘው በዚህ አዋጅ ነው። በየግቢው መካከልም ግንብ ሳይሆን የቁጥቋጦ አጥር እንዲሆን ተደረገ። ሰፈሩ ውብ ሆነ፤ ከውበቱም የተነሣ ተፈላጊ ሆነ፣ ተፈላጊነቱም ዋጋውን አናረው፤ ባርኔት ካሰበችላቸው ሠራተኞች ይልቅ ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው ሰዎች ሰፈር ሆኖ ቀረ። ይህን ስጽፍ ይከፋኛል፣ ምክንያቱም የሴትዮዋ ምኞት እውነተኛ ነበር፤ ችግሩ ፕላኑ የቤቶቹን ብዛት ሲገድብ የሚከራዩበትን ዋጋ የሚገድብበት መንገድ ያልነበረው መሆኑ ነው።

የ1909ኙን አዋጅ ለፓርላማ ያቀረበው የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ፣ ማለትም የአካባቢ ምክር ቤቶችን የሚቆጣጠረው የማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፕሬዚዳንት ጆን በርንስ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ከድሃ ቤተሰብ የተገኘ መሐንዲስና የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር። በ1908 ባደረገው ንግግር ስለ ጤናማ ቤት፣ ስለ ማራኪ ከተማ፣ ለጤና ስለሚስማማ የከተማ ዳርቻ ተናግሯል፤ ዳርቻው በስም መነሣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። አዋጁ የፕላንን ዓላማ በሦስት ነገሮች ወሰነ፦ ተገቢ የጤና ሁኔታ፣ ምቹነት፣ ሦስተኛውም «አሜኒቲ» የተባለው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ የአካባቢ ውበት ብንለው ይጠባል፣ ደስታ ብንለው ይሰፋል። ሰው ከደጁ ወጥቶ ሲመለከት ልቡ የሚያርፍበትን ሁኔታ የሚያመለክት ይመስለኛል። አዋጁ ራሱ ቃሉን አልተረጎመውም፤ ያልተተረጎመ ቃል በሕግ ውስጥ መግባቱ ግን ለፕላን አውጪዎች ሰፊ በር ከፈተላቸው።

ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው አንቀጽ ካሳን የሚመለከተው ነው። ፕላኑ ንብረቱን የጎዳበት ሰው ካሳ የመጠየቅ መብት ነበረው፤ በአንጻሩ ፕላኑ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ካደረገለት ምክር ቤቱ የጭማሪውን ግማሽ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ነገር ግን የቤቶችን ብዛት፣ በቤቶች ዙሪያ የሚተወውን ክፍት ቦታ፣ የሕንጻን ከፍታ ወይም ዓይነት የሚገድብ ድንጋጌ፣ ቦርዱ ምክንያታዊ ነው ካለው፣ ካሳ አያስከፍልም ተባለ። ይህ አጭር ድንጋጌ ባይኖር ኖሮ የትኛውም አነስተኛ ምክር ቤት በኤከር ይህን ያህል ቤት ብቻ ይሠራ ብሎ ለመወሰን አይደፍርም ነበር። ሕጉ በባዶ ሜዳ ላይ ያተኮረበት ምክንያትም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፦ ገና ያልተሠራን ቤት መከልከል በነጻ ይቻላል፣ የተሠራን ቤት ማፍረስ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

አሠራሩ አዝጋሚ ነበር። ምክር ቤት ፕላን ለማዘጋጀት ብቻ የቦርዱን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት፣ ባለመሬቶችን ማነጋገር፣ ረቂቁን ማቅረብ፣ መልሶም ማጸደቅ ነበረበት። በመጀመሪያ የጸደቀው የበርሚንግሃም የኩዊንተን፣ የሀርቦርንና የኤጅባስተን ፕላን ሲሆን፣ 2,320 ኤከር፣ ማለትም 940 ሄክታር ገደማ፣ የሚሸፍን ሆኖ በ1913 ተፈቀደ። ይህን ፕላን ከማንም በላይ የገፋው ኔትልፎልድ በዚያው በሀርቦርን በ54 ኤከር ላይ፣ ተከራዮች በጋራ ባለቤት የሚሆኑበትን ሰፈር ከ1907 ጀምሮ በማቋቋም ሐሳቡን በተግባር አሳይቶ ነበር። በለንደን ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ የራይስሊፕ-ኖርዝውድ ምክር ቤት፣ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመታት የሆነው፣ የሜትሮፖሊታን ባቡር በ1904 ራይስሊፕ መድረሱን ተከትሎ ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ በማየት፣ ከ5,900 ኤከር በላይ የሚሆነውን ግዛቱን በአንድ ፕላን ውስጥ አስገባ፤ ፕላኑ በ1914 ጸደቀ። የገጠር መልክ ያልለቀቀ አነስተኛ ምክር ቤት ይህን ያህል መሬት፣ አብዛኛው ገና ማሳ ሳለ፣ መንገዱንና የቤቱን ብዛት፣ ሱቅና ፋብሪካ የሚሆኑበትን ቦታ ለመወሰን መነሣቱን ሳስብ ለእነዚያ ሰዎች ትልቅ አክብሮት ይሰማኛል። በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣና የሌሎቹ ብዙ ምክር ቤቶች ረቂቅ በመሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። አንዊን አባል የነበረበት ኮሚቴ በ1918 ባቀረበው ሪፖርት በከተማ በኤከር 12 ቤት እንዲሠራ፣ በትይዩ ቤቶች መካከልም 70 ጫማ እንዲተው መከረ፤ የ1919ኙም ሕግ ከ20,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ፕላን እንዲያወጡ ግዴታ አደረገ። የአንዊን የእርሳስ ስሌት የአገር ደንብ ሆነ። ቢሆንም ሥልጣኑ አሁንም በአዲስ መሬት ላይ ነበር፤ ቀድሞ የተሠራው ከተማ በሙሉ በፕላን ሕግ ሥር የገባው በ1932 በወጣው አዋጅ ነው።

በርሚንግሃም ውስጥ ከ1911 ጀምሮ የከተማ ፕላን ኮሚቴውን የመራው ኔቪል ቼምበርሌን ነበር፤ የኩዊንተን ፕላን የጸደቀው በእርሱ ጊዜ ነው። በዚያው ጊዜ ምክር ቤቱ የከተማዋን የቤቶች ሁኔታ የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ አቋቁሞ ሰብሳቢነቱን ለዚሁ ሰው ሰጠ። ኮሚቴው በ1914 ባቀረበው ሪፖርት 200,000 ያህል ሰዎች ከ43,000 በሚበልጡ፣ ጀርባ ለጀርባ በተጣበቁና የኋላ መስኮት በሌላቸው ቤቶች እንደሚኖሩ ገለጸ፤ ከ42,000 የሚበልጡ ቤቶች የራሳቸው ውኃና የፍሳሽ መስመር አልነበራቸውም። አዲስ ቤት በዚህ መልክ እንዳይሠራ የ1909ኙ አዋጅ ከልክሏል፤ በውስጣቸው ለሚኖሩት ግን የፕላን ክፍሉ የሚላቸው አልነበረም። ሁለቱን ወረቀቶች፣ የኩዊንተንን ካርታና የዚያን ሪፖርት ቁጥሮች፣ ጎን ለጎን አድርጌ አያቸዋለሁ። አንዱ አትክልት ያለው ቤት የሚቆምበትን ሜዳ ያሳያል፤ ሌላው በግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧ የሚጋሩ ቤተሰቦችን ይቆጥራል። በርሚንግሃም እነዚህን ግቢዎች በብዛት ገዝታ ለማፍረስና እንደገና ለመሥራት የበቃችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ በአንዳንዶቹም እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሰው ይኖር ነበር።